ሦስት ቀን ግድግዳ ላይ የዋለ ስም

ባሕር ዳር
ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ አስማማው ሁሉንም ነግሮኛል። ዛሬ ጠዋት እንጨቱን ከታንኳው ሲያወርድ ያዝሁትና ዘጌ በሰላም መግባትሽን፣ አክስቴ ባንቺአየሁ ቤት መሆንሽን፣ ጉንፋን ቢጤ እንደያዘሽ ሰማሁ። እኔም ደኅና ነኝ እንዳልልሽ፣ አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ለዚህ ይበቃሻል፤ ቀስ በይ እንጂ ትወጪዋለሽ። አክስቴ «አምጪ ላንብብልሽ» ብትልሽ እንዳትሰጫት። ያንን ስም እዚህ ውስጥ አልጻፍሁትም። ነገሩ ግን የሁለታችን ነው።

ከዋናው ልጀምር። እስከ ዓርብ ማታ ወረቀቱ ካልተስተካከለ ዓሣ መጥበሻ ቤትሽ ይታሸጋል። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፌም ምግቤም ይኸው ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስን አንቺ የምታውቂው ግማሹን ብቻ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የግል ሥራ ሲፈቀድ፣ ወደብ አካባቢ ያለ ሁሉ እስከ ግንቦት ሠላሳ ለዕቃና ለአገልግሎት ታክስ ተመዝግቦ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። አንቺ ደነገጥሽ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያች ቆርቆሮ ሥር ስትጠብሺ ስምሽን የጠየቀ አልነበረምና። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ ከአምና ሐምሌ ጀምሮ ምደባ ስጠብቅ እጄም አእምሮዬም ሥራ ፈትቶ ነበር። «አንቺ ከመጥበሻሽ አትነሺ፤ የወረቀቱን ነገር ለእኔ ተይው» አልሁሽ። ተውሽልኝ።

ግንቦት ሠላሳ ቀን ግብር ቢሮው ውስጥ የሆነውን በሳቅ ነግሬሽ ነበር፤ አስታውሺው። መዝጋቢው ጓድ አካሉ ቀና ሳይል፦

«እናትሽ ምን ትሸጣለች?»

«ዓሣ ትጠብሳለች።»

«ዓሣው የማነው?»

«አንዳንዱ የእሷ፣ አንዳንዱ የበላተኛው። ይዞ የመጣ ሰው ለማስጠበሻው ብቻ ይከፍላል።»

«የበላተኛው ሲሆን አገልግሎት ነው። የእሷ ሲሆን ዕቃ ነው።» እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካና አሰበ። «አዋዜውስ?»

«አዋዜው ከዓሣው ጋር ነው።»

«ከማን ዓሣ ጋር?»

ከኋላዬ የተሰለፈ ባለሱቅ «ጓድ አካሉ፣ የጣናን ዓሣ ሁሉ ልትመዘግብ ነው እንዴ? እኛም እኮ ቤት አለን» አለና ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ኮራ ብዬ «ሁለቱም ይጻፍልኝ፤ ኢኮኖሚውም ቅይጥ ነው» አልሁ። ጓድ አካሉም ሳቀ። እስከዚህ ድረስ ነው የነገርሁሽ።

ያልነገርሁሽ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መታወቂያሽን ጠየቀኝ። የቀበሌ መታወቂያሽ ለእድሳት ገብቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። «እንግዲያ ስሟን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ማናቸውም ወረቀት አምጪ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» አለኝ። እየሮጥሁ ወደ ደብራችን ሄድሁ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የኔታ መርስዔ ኀዘን መዝገባቸውን ገልጠው በዚያ ቆንጆ ጽሕፈታቸው የምስክር ወረቀት ጻፉልኝ። ማኅተሙን ሊመቱ እጃቸውን ካነሡ በኋላ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ በእኛ መዝገብ ያለው የክርስትና ስሟ ነው። ይህ ለቢሮ ይሆናል ወይ?»

«ማኅተም ካለው ይሆናል፣ የኔታ።»

«እሷስ ፈቅዳለች?»

«እኔን ልካኛለች» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ወረቀቱን አነበብሁት። እማዬ፣ ያን ስም ከአፍሽ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ኮሜርስ ልገባ አዲስ አበባ ስሄድ፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ፣ በመስኮቱ አንገቴን ሳብ አድርገሽ በጆሮዬ ነገርሽኝ። «የንስሐ አባቴ አርጅተዋል። እኔ ብሞት መጥተሽ ለቄሱ የምትነግሪ አንቺ ነሽ፤ ያለዚህ ስም ፍትሐት የለም። እስከዚያ ለማንም» አልሽኝ። ለማን እነግራለሁ ብዬ እየሳቅሁ ተቀመጥሁ። ያን ሁሉ መንገድ ግን ስምሽን በልቤ እየደጋገምሁ፣ እንዳይጠፋብኝ እየሰጋሁ ነበር የተጓዝሁት።

ይህን ሁሉ እያስታወስሁ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል። ስም ስም ነው አልሁና ሮጥሁ።

ፈቃዱ ረቡዕ ሰኔ 6 ወጣ። ከግርጌው «ለደንበኛ በግልጽ በሚታይ ቦታ ይሰቀል» ይላል። እጅሽን በሽርጥሽ ሁለት ጊዜ ጠርገሽ ነው የነካሽው። «ምን ይላል?» ስትዪኝ «ቤቱ ያንቺ ነው ይላል» አልሁሽ። ከዚያ ከበሩ በላይ፣ ዓይንሽ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሰቀልሁት። ያን ጊዜ ጢሱ እንዳያገኘው ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው እንዳታነቢው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አስማማው እንጨት ተሸክሞ ገባ። ፊደል ከቆጠረ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳያነብ አያልፍም፤ ታውቂው የለ። ሸክሙን አወረደና አንገቱን አቅንቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «እትዬ የብርጓል፣ ለካ ሌላም ስም ኖሮሻል? ምነው እስከዛሬ ደበቅሽን?» አለ። በላተኛው ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም፤ አልተቆጣሽምም። ዘይቱ ውስጥ የነበረውን ቀረሶ ዓሣ አገላበጥሽ፣ እስኪበስል ቆየሽ፣ ለሰውዬው ሰጠሽ፣ ከዚያ ሽርጥሽን ፈትተሽ ነጠላሽን አነሣሽ። ስታልፊኝ «ለሞቴ ያስቀመጥሁት ነበር» አልሽኝ። እኔ ተከትዬሽ እስከ ጀልባው መጣሁ፤ ዞር ብለሽ አላየሽኝም።

ስም በሰው እጅ ከገባ ይጻፍበታል፣ ይደገምበታል የምትይውን እኔ አላምንም። በፖለቲካ ትምህርት ክፍለ ጊዜ «ኋላ ቀር ልማድ» እያልን ፈተና የጻፍንበት ነው። ቢሆንም ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ በሦስቱ ቀን እዚያ በር የገባውን ሰው አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርሁ። ማን ቀና ብሎ አየ? ማን ማንበብ ይችላል? ያ ረጅሙ ሰውዬ ምን አስቆየው? ዛሬ ደግሞ አስማማው «ጉንፋን ቢጤ ይዟታል» ሲለኝ ያንኑ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ መቁጠር ጀመርሁ። የማያምን ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ?

ትናንት ሰኞ ስሙን ለማስለወጥ ቢሮ ሄድሁ። ጓድ አካሉ ቀበሌው የላከውን ዝርዝር አውጥቶ ከፈቃዱ ጋር አስተያየ።

«ቀበሌው ቤቱ የወይዘሮ የብርጓል ነው ይላል። ይችኛዋ ማን ናት?»

«ያችው ናት።»

«እንዲህ ከሆነ ጓዲት፣ ሁለት ሰው አድርገሻታል። አንዷ ፈቃድ አላት፣ ቤት የላትም። ሌላዋ ቤት አላት፣ ፈቃድ የላትም።»

«ስህተቱ የእኔ ነው። ይታረምልኝ።»

«ስም የሚያርመው ባለስሙ ነው። ራሷ ትምጣ፤ በሦስት ምስክር ፊት ይህም ያም ስም የእኔ ነው ትበልና አሻራዋን ታኑር። ዝርዝሩ ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እኔም የለሁበትም።»

ስለዚህ እማዬ፣ ሐሙስ በሚመጣው ጀልባ ድረሺልኝ። አስማማው ነገ ጠዋት ይመለሳል፤ ይህን በእሱ እጅ እልክልሻለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13

አልላክሁትም።

አስማማው ታንኳውን ውኃ ላይ አውጥቶ እየጠበቀኝ «ደብዳቤው የታለ?» አለኝ።

«አላለቀም።»

«ስጭኝና መንገድ ላይ እያነበብሁ ልጨርሰው።»

«አንተማ አንብበህ ጨርሰኸናል» አልሁት። አንገቱን ደፋ። «ለእትዬ ምን ልበላት?» ሲለኝ «ዓሣ ቤቱ ደኅና ነው በላት» አልሁት። መቅዘፊያውን አነሣና ሄደ።

ያስቀረኝ ትናንት የጻፍሁትን ጠዋት መልሼ ማንበቤ ነው። እኔ ወረቀት ላይ ያወጣሁትን ስም፣ አንቺ ደግሞ በገዛ አፍሽ ጓድ አካሉ ፊት እንድታወጪው ስለምንሽ ኖሯል። እምቢ እንደማትዪኝም አውቃለሁ። ያ ነው ያስፈራኝ።

አሁን ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። ምደባዬ መጥቷል። የመጣው ግንቦት 25 ቀን ነው፤ አሰላ፣ የሒሳብ ክፍል፣ እስከ ሰኔ 30 ሪፖርት አድርጊ ይላል። በመጽሐፌ ውስጥ ደብቄ ይዤው ነበር። ፈቃድሽን አውጥቼ፣ ሁሉን ነገር መልክ አስይዤልሽ፣ ከዚያ በኋላ «እማዬ፣ ሄድሁ» ልልሽ ነበር ሐሳቤ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰዓቴን ሳይ የታየኝ የግብር ቢሮው መዝጊያ ብቻ አልነበረም። አውቶቡሱም ታይቶኛል። ከዚህ ከተማ፣ ከዘይቱ ሽታ፣ ምደባ መጣልሽ ወይ ከሚለኝ ሰው ሁሉ መገላገል አማረኝ። የቸኮልሁት ለአንቺ ብዬ ብቻ አይደለም። ለመሄድ ነው የቸኮልሁት።

ዓርብ፣ ሰኔ 15

ዛሬ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው በር ላይ ነበርሁ። ጓድ አካሉን «ማረሙ ቢቀርስ? ማመልከቻውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ መመለስ እችላለሁ?» አልሁት።

«መመለስ ትችያለሽ። ግን ቤቱ ያለ ፈቃድ ይቀራል፤ በእናትሽ ስም እንደገና ለማውጣትም እሷው ራሷ መቅረብ አለባት።»

«በእኔ ስም አዲስ ይውጣ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ምደባ የምትጠብቂ ነሽ አላልሽኝም? የመንግሥት ሠራተኛ የንግድ ፈቃድ አይዝም። ባለፈቃድ ደግሞ ሥራው ላይ ራሱ መገኘት አለበት።»

የምደባውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። አነበበው።

«አሰላ» አለ። «ብርድ ነው እንጂ ጥሩ አገር ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ይሉኛል።»

«ይህን ከመለስሽ ወደ ኋላ የለም። ሌላ ምደባ አትጠብቂ።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ነገ ታውቃለች።»

ቅጹን ሰጠኝ። የሥራውን ዓይነት ሞላሁ፤ ዕቃም አገልግሎትም። እሱም ከቀበሌው ዝርዝር ጎን «ልጇ» ብሎ ስሜን ጻፈና ማኅተም መታበት። የአሮጌውን ፈቃድ ቅጂዎች ስጠይቀው «ከፋይል ወረቀት አይወጣም» አለኝ። ትንሽ አየኝና ፋይሉን ገልጦ አስቀምጦ «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። የኔታ የጻፉትንም፣ ቢሮ የቀረውንም ቅጂ ወሰድሁ። ግድግዳው ላይ ከነበረው ጋር ሦስቱም እዚህ ውስጥ ታሽገዋል። የምታደርጊባቸውን አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ አንድ ቅጂ ግን ሰኞ ዕለት በፖስታ አዲስ አበባ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል። እሱን አልደረስሁበትም። እዚያ በማናውቀው መደርደሪያ ላይ ስምሽ አለ፣ እማዬ፤ ልደብቅሽ አልችልም።

የሠራሁት ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። ከቢሮው ስወጣ አንድ ጊዜ ልመለስ ብዬ ዞሬ ነበር፤ ማኅተሙ ግን ተመትቷል። ጓደኞቼ ደመወዝተኛ ሲሆኑ እኔ ምን እላለሁ ብዬ እስከ ወደቡ ድረስ ለራሴ መልስ ሳዘጋጅ መጣሁ። መጥበሱንም አልቻልሁበትም። ትናንት አንድ አምባዛ ውጭው አሮ ውስጡ ደም ሆኖብኝ ሰውዬው «ይህ አገልግሎት ነው ወይስ ዕቃ?» አለኝ። ወሬው ሁሉ ደርሷል ማለት ነው። ግን ቤቱ አልታሸገም። ነገም ይከፈታል።

አስማማው ዛሬ መጥቶ ነገ ቅዳሜ ይመለሳል። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት እሰጠዋለሁ። ማንም ፊት ቀርበሽ የምትናገሪው ነገር የለም።

ጉንፋኑ ሲለቅሽ፣ ልብሽ ሲፈቅድ ነይ። ቤተ ዘመዱን ሁሉ «ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ልትሆን ነው» እያልሽ እንደነገርሽ አውቃለሁ፤ ስለ አሰላው የምትቆጪኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስለ ስሙ የምትዪውንም፣ ዝም ብትዪኝም እንኳ። አንድ ነገር ብቻ አትጠይቂኝ። ቢሮው ሳይዘጋ ለምን አልነገርሽኝም አትበዪኝ።

ብነግርሽ ትመጪ ነበራ።

ልጅሽ
ፀሐይወርቅ