አድናን ያላስቆጠራቸው አስራ አንድ ጎሎች

አባዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን በደንብ ዘከርን። ቄሱ ስምህን ሳይሳሳቱ ጠሩ፤ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። "እንዳንቺ ያለ አስታማሚ ልጅ ለሁሉም ይስጠው" ሲሉኝ ዋሉ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው፤ ጨዋነት መሰላቸው። ጨዋነት አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ይህን የምጽፍልህ በማለዳ ነው፣ ሱቁን ሳልከፍት፣ እህል ሳልቀምስ። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ባለ ሰዓት እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አዎ፣ መርዶ ላረዳህ ነው። ወዳጅህ ጋሽ ፍቅሬ ሞቷል። የሞተው ደግሞ ካንተ አምስት ወር ቀድሞ ነው፤ እኔም አውቅ ነበር። እዚያ ተገናኝታችሁ ከሆነ ነግሮሃል፤ ቢሆንም ከኔ አፍ መስማት አለብህ።

እስቲ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፣ ልቤን እስካደፋፍር። ወንበርህ በቦታው ነው። ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ በስተቀር ማንም አይቀመጥበትም፤ እሳቸውን ደግሞ ማን ይከለክላቸዋል? ሎስ አንጀለስ ዳውንታውን ያለው የመኪና ማቆሚያ ጋራዣችሁ አሁን ሠራተኛ የለውም። ባለፈው ለጉዳይ ሄጄ መኪናዬን እዚያ አቆምኩ። ማሽን ትኬት ሰጠኝ፣ ማሽን በሩን ከፈተልኝ። ጋሽ ፍቅሬና አንተ አስራ ሰባት ዓመት ጉልበት ለጉልበት ተጋጥማችሁ የተቀመጣችሁባት የመስታወት ክፍል ተነቅላለች። ሲሚንቶው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ ቀርቷል።

ትክክለኛ ስሙ ፊክሬት ነበር፣ ከቦስኒያ ጦርነት አምልጦ የመጣ። አንተ ገና በመጀመሪያው ቀን ፍቅሬ ብለህ ጠራኸው፣ በዚያው ጸና። ወደ ሐበሻው ሰፈር፣ ወደ ፌርፋክስ፣ ይዘኸው ስትመጣ የኛ ሰው በአማርኛ ሲያዋየው ራሱን እየነቀነቀ "እሺ፣ እሺ" ይል ነበር። አንዷ ሴትዮማ እቁብ ልታስገባው ምንም አልቀራት።

ልጁ አድናን ከእናቱ ጋር እዚያው አገሩ ቀርቶ አጥቂ ሆነ። ጋሽ ፍቅሬ አባትነቱን የተወጣው በስልክ መስኮት ነው፤ አንተም ወንድ ልጅ ስላልነበረህ መሰለኝ ተካፈልከው። በአስራ ስምንት ዓመቱ በከተማው ክለብ ጀመረ። ከዚያ ክሮኤሺያ፣ ከዚያ ኦስትሪያ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ከዚያ ቱርክ፣ እዚያ ከአሰልጣኙ ጋር ሲጣላ ፖላንድ። ኮከብ አልነበረም። ረጅምና ዘገምተኛ ነው፣ ግማሹን ዘመኑን ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የጨረሰው። አንተ ግን "በቴስታ የሚያህለው የለም" ትል ነበር፣ አይተኸው እንጂ ሰምተህ አይደለም። የአውሮፓ ከሰዓት የኛ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፋችሁ ሁለታችሁም ጎንበስ ብላችሁ ታዩት ነበር።

ያንን ስድስት ደቂቃ መቼም አልረሳውም። ለብሔራዊ ቡድኑ በዕድሜው አንዴ ተጠርቶ፣ በወዳጅነት ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ተቀይሮ የገባ ዕለት። ምሳህን ይዤልህ ደረስኩ። መኪናው እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እናንተ ቆማችኋል፣ በሩን የሚከፍት የለም። አድናን ኳሷን ሦስት ጊዜ ነካት፤ ከሦስቱ አንዷን ለተቃራኒ ሰጣት። ሲያበቃ ጋሽ ፍቅሬ አንገትህ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። አለቃችሁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባችሁ፣ አንተም ደብዳቤውን በፍሬም አድርገህ ሰቀልከው። አድናን የለበሰውን ማልያ ለአባቱ ሲልክለት ጋሽ ፍቅሬ ላንተ ሰጠህ፣ "ለኔ ልጁ ይበቃኛል" ብሎ።

ኩላሊትህ ደክሞ እጥበት ስትጀምር ያንን ማልያ ነበር ለብሰህ የምትሄደው። እጅጌው አጭር ስለሆነ ለመርፌው ይመቻል ትል ነበር። ሰበብ እንደሆነ ነርሶቹም ያውቁ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ስልክህ ጮኸ፤ አንተ ተኝተህ ስለነበር አነሳሁት። አድናን ነው። አባቱ ልቡ ቆሞ ማደሩን ነገረኝ። እሱም ጉልበቱ ላይ ያለው ጅማት ተበጥሶ ኳስ ካቆመ ወር እንደሆነው፣ ለቀብሩ ነገ ሎስ አንጀለስ እንደሚገባ ነግሮኝ፣ አንተን ይዤ እንድመጣ ለመነኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ሮጬ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ።

"ውይ የኔ ልጅ፣ አሁን እንዳትነግሪው! ፕሬዠሩ ከፍ ካለ ማን ሊመልሰው ነው? ትንሽ ጠንከር ሲል ሽማግሌ ይዘን በጠዋት እናረዳዋለን፤ ኦኬ?" አሉኝ። ጥፋቱን እሳቸው ላይ ማላከክ አልፈልግም። እሳቸው መከሩ፣ የወሰንኩት እኔ ነኝ። በቀብሩ ዕለት ስልክህ ሦስት ጊዜ ጠራ። ሦስቱንም ጊዜ ስሙን አይቼ ድምፁን አጠፋሁት። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ብርቱካን ትልጥ ነበር።

ጋሽ ፍቅሬ የት ጠፋ ስትለኝ ልጁን ሊያይ አገሩ ሄደ አልኩህ። "ሳይሰናበተኝ?" አልከኝ። ቸኩሎ ነው አልኩ። አባት ልጁን ሊያይ ከሄደ ደግሞ ልጁ መጫወት አለበት፤ ስለዚህ ጉልበቱን ደበቅኩና፣ ጨዋታውን የምታየው በጋሽ ፍቅሬ ስልክ ብቻ ስለነበር፣ ለአድናን በአፌ ጎል አገባለት ጀመር። አንዱን በቴስታ፣ አንዱን በቅጣት ምት። አንድ ቅዳሜ ሳላስበው ሦስት ሰጠሁት። "ይሄ ልጅ ሲያረጅ ነው እንዴ የጎበዘው?" ብለህ እስክታስል ሳቅክ። ሲስቅ ጤና ይሆነዋል ብዬ ቀጠልኩ።

የገና ሰሞን መሳቅህ ቆመ። "ፍቅሬ ለዚህ ሁሉ ጎል አንድ ቀን እንኳ አይደውልልኝም?" አልክ፣ ለራስህ እንደሚናገር ሰው። በማግስቱ ለእጥበት ስትዘጋጅ ማልያውን ሳቀብልህ ሌላ ልብስ ስጪኝ አልከኝ። አጥፈህ ወንበርህ ስር አስቀመጥከው፣ ዳግም አልለበስከውም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ይጠንክር ብዬ ጠበቅኩ፣ አንተ ግን አልጠነከርክም፣ ያ ጠዋትም አልመጣም። ወዳጅህ የረሳህ መስሎህ፣ እንዳኮረፍክ ሞትክ። ይህን ያደረግኩብህ እኔ ነኝ፣ ያቺ የተመረቀችው አስታማሚ ልጅህ።

ባለፈው ወር አንድ ረጅም ሰው እያነከሰ ሱቁ ገባ። በስልክ ያየሁት ፊት ስለሆነ ወዲያው አወቅኩት። ለአባቱ የመቃብር ድንጋይ ሊያቆም ነበር የመጣው። አንተ ማረፍህን አልሰማም፤ የመጣው ሊጠይቅህ ነው፣ ለምን ቀረህ ብሎ። ለካስ ጋሽ ፍቅሬ ዘወትር "እኔ ከቀደምኩ ቃሬዛዬን ያ ኢትዮጵያዊ ይሸከማል" ይል ኖሯል። ስለዚህ በጀናዛው ዕለት ከፊት በስተግራ ያለውን ቦታ ክፍት አድርገው ጠበቁህ። ሦስቱ ጥሪ ያኔ ነበር። ሰዓቱ ሲያልፍባቸው አድናን በዚያ በተበጠሰ ጉልበቱ ገባበት።

አባዬ፣ ከፌርፋክስ እስከ ክሬንሾው ለቅሶ ቀርተህ አታውቅም። ስሙን የማታውቀው ሰው ሞቶ እንኳ ኮትህን ደርበህ ትወጣ ነበር። አንተን ለአንድያ ወዳጅህ ቀብር ቀሪ አደረግኩህ።

ሁሉንም ነገርኩት፣ አንድም ሳልደብቅ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ስንት ጎል እንደሰጠሁት ጠየቀኝ። አስራ አንድ አልኩት። በጥሩ ዓመቱ እንኳ ዘጠኝ ነው ያገባው። ሊስቅ ጀመረ፣ ከዚያ የምስሩ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። እኔም በለኝ አላልኩም።

ዓርብ ዕለት ማልያውን ይዤ አብሬው ወደ መቃብሩ ሄድኩ። እነሱ በእስልምናቸው ቀስ ብለው ነው የሚጸልዩት፤ እኔ ግን እንደኛ ወግ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፣ ባንተ ፈንታ። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ እሱ ለአማርኛ እሺ ማለት ያውቃል። "ጋሽ ፍቅሬ፣ አባቴ አልቀረብህም፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት" አልኩት። ማልያውን ለአድናን ልሰጠው ብል አልተቀበለኝም። አባቴ የሰጠውን አልወስድም አለኝ።

ስለዚህ አጥቤ ወንበርህ ላይ ሰቅዬዋለሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይዤው እሄዳለሁ፣ ከድንጋዩ በስተግራ እቆማለሁ። ያንን ቦታ እስካለሁ ድረስ ባዶ አላደርገውም።

እንግዲህ አባዬ፣ ጠንከር በል። ጋሽ ፍቅሬ አገሩ አልሄደም። አልረሳህምም። ሞቶ ነው ያልደወለልህ፤ ሞቶም ቦታህን ክፍት አድርጎ ጠብቆሃል። አሁን አልቅስለት።

ልጅህ