ሰዋጉን አገኘሁት

ውድ ኑርሁሴን፥

የት እንደምልክልህ ሳላውቅ እጽፍልሃለሁ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወር ሊሞላው ነው፤ ቢከፈትም ስልክህ እኔ ጋ ነው።

ያንን ስልክ ስትነካካ ስንቴ ተቆጥቼሃለሁ! የኮምፒዩተር ሲስተም ጫንክበትና ስክሪኑ ጨለመ። «የስልክ ድራይቨር፣ ስክሪኑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ የሚሰማው አንድሮይድን ብቻ ነው። ስልክ መጠገኛ ሱቃችን ውስጥ አንተንና ደንበኞቹን እንደማግባባ፣ ለድራይቨሩና ለአዲሱ ሲስተምም መሃል የሚቆም አስተርጓሚ እጽፍላቸዋለሁ» አልከኝ። በአረብኛዬ ሳትስቅ ውለህ አታውቅም። ሳትጨርሰው፣ ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጓደኛህ ከኦመር ጋር ወጣቱ ለተቃውሞ ወደ ሰፈረበት ወደ ቂያዳ፣ ወደ ጦሩ ዋና መምሪያ ደጅ፣ ሄድክ። በማግስቱ ተኩስ ተከፈተ። ወታደሮች በፒክአፕ ጭነው ወሰዱህ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬህ የለም።

ያየውን ሊነግረን የሚችለው ኦመር ነው፤ ቁጥሩ ያለው ደግሞ ሱቅ ትተኸው በሄድከው ስልክ ውስጥ። የምስጢር ቁጥርህን አውቃለሁ፤ የምጽፍበት ስክሪን ግን የለም። ስለዚህ የጀመርከውን አስተርጓሚ መስመር በመስመር እየተከተልኩ ጨረስኩት። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ስክሪኑ ሲበራ በደስታ አበድኩ። ቡሪ፣ እኅትህ አሚና ወደምትሠራበት ቤት ደወልኩና «ሰዋጉን አገኘሁት፤ ያላ ነይ!» አልኳት።

ሱቅ ውስጥ ድራይቨሩን ሁሉ በአረብኛ «ሰዋግ» ማለት ለምደን የለ? እሷ ግን የምታውቀው ሰዋግ መኪና የሚነዳውን ነው፤ አንተን የጫነው ፒክአፕ ሾፌር የተገኘ መሰላት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት አልለቀም አለኝ።

እስክትመጣ ኦመር ጋ ደወልኩ። «ወላሂ ሲጭኑት አይቻለሁ። ማ ካን ቢትሐረክ» አለኝ። አይንቀሳቀስም ነበር ማለቱ ነው። አረብኛዬ ይሆናል ብዬ ሦስቴ አስደገምኩት። ሦስቴም ገባኝ።

አሚና የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ኦምዱርማን ድረስ መጣች። «ቢልልኝ፣ ሰዋጉ የታለ? ወንድሜን የት አወረደው? በሕይወት ነበር?»

እውነቱን ልነግራት ነበር። ፊቷን አየሁና «አዎ፣ በሕይወት ነው ያወረድኩት ብሏል» አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችኝ።

ይኸው የዒድ ልብስህን አጥባ፣ ተኩሳ ትጠብቅሃለች። ለሞተ ሰው የሚወጣውን ሰደቃ እንዳታወጣልህ ያደረግኳት እኔ ነኝ። በየቀኑ ትደውልና «ሰዋጉ ሌላስ ምን አለ?» ትለኛለች፤ እኔም አንዳንድ ነገር እጨምርላታለሁ። ራሴን ፈራሁት፣ ኑርሁሴን።

እስከ ጁምዓ ድረስ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ቡሪ ሄጄ እኔው እነግራታለሁ። እባክህ ና፤ ውሸቴን እውነት አድርግልኝ።

ይቅርታህን የሚለምነው
ቢልልኝ