የአባቴ ሌንስ በእርስዎ ዓይን

ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ለተከበሩ አቶ ይፍሩ አበጋዝ
የዓይን ሞራ ሕክምና ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የታዘዝነውን ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የኮሚቴዎ አባላት፣ እንዲሁም በጠረጴዛዎ ላይ ያለው ማኅተም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባቴም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ያልቻሉት ነገር ቢኖር ሥራቸውን መሥራት ብቻ ነው።

ከዕለት ተዕለት ኃላፊነትዎ ብዛት የተነሳ የማን ልጅ እንደሆንኩ ላያስታውሱ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። እዚሁ ሲቀላ ሦስተኛ ክፍል የማስተምር ወርቂቱ ኤርጫፎ እባላለሁ። አባቴ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከአዲስ አበባ በመጡት ሐኪሞች የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ አስወግደው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገቡት የኦቾሎው ሸማኔ ኤርጫፎ ናቸው። ሐኪሞቹ በኅዳር ለሁለተኛው ዓይን ተመልሰው እንደሚመጡ ስንሰማ ደስ ብሎን ሳያበቃ፣ ኮሚቴዎ ለአርባ አንዳችንም የታካሚ ቤተሰቦች አንድ አንድ የታተመ ቅጽ አደለን። ቅጹ «በተደረገልኝ ሕክምና ፍጹም ረክቻለሁ» ይላል፤ እስከ ጥቅምት 20 ፈርሞ ያልመለሰ ታካሚ ስሙ ለኅዳር እንደማይመዘገብም በግርጌው ተጽፏል። የአባቴ ግራ ዓይን አሁን ሙሉ በሙሉ በሞራ ተሸፍኗል። ከእንግዲህ ሸማኔ ሆነው መኖር አለመኖራቸው በዚያ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ምስጋናውን ላለማቅረብ አቅሙ የለንም። ይሁን እንጂ ቅጹ ለምስጋና የተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ የእኔ ምስጋና ስላልበቃው፣ ይህን ደብዳቤ አባሪ አድርጌ ሳቀርብ በታላቅ ትሕትና ነው።

1. በመጀመሪያ የማመሰግነው የመምረጥ ዕድል ስለተሰጠን ነው። የዓይን ነርሷ ሲስተር ሳባ፣ ሐኪሞቹ አስቀድመው በላኩት መሣሪያ የእያንዳንዱን ታካሚ ዓይን ለክታ ነበር። ሰው ሠራሹ ሌንስ እንደ ልጅነት ዓይን ቅርቡንም ሩቁንም እያፈራረቀ ማጥራት እንደማይችል፣ ስለዚህ ታካሚው ያለ መነጽር ሊያይ የሚፈልገውን ርቀት ቢመርጥ ሌንሱ በዚያው ልክ ሊመረጥለት እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችን። አባቴ ብዙ አላሰቡም። ሽመና ላይ እንዳሉ ያህል ወንበሩ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ማጉ ከድሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በእጃቸው አሳይተው «እዚህ ጋ» አሉ። ሲስተር ሳባም ከዓይናቸው እስከ እጃቸው በሜትር ለካች፤ ሒሳቧን ሠራችና የሌንሱን ቁጥር በመዝገቡም በትንሿ ካርዳቸውም ላይ 24 ብላ ጻፈች። በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው የትኛውም መሥሪያ ቤት ምን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው ስለማያውቅ፣ አባቴ ያን ቀን ወደ ቤት የተመለሱት ሹመት እንዳገኘ ሰው ነበር።

እርስዎም ታካሚ ነበሩና በዚያው ሰሞን ተጠይቀው ነበር። መሪ ሩቅ ማየት አለበት ብለው ሩቁን መምረጥዎን፣ ቁጥርዎም 19 ሆኖ መመዝገቡን በወረፋው ላይ የነበርን ሁሉ ሰምተናል፤ ሁላችንም እንድንሰማ ነበርና የተናገሩት። ሁለቱም ምርጫዎች ለየባለቤታቸው ትክክል ነበሩ። ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዛሬ ወረቀት ባላባከንኩ፣ እርስዎም ይህን ሁሉ ለማንበብ ባልተቸገሩ ነበር።

2. በሁለተኛ ደረጃ የማመሰግነው የጥር 6 ቀኑን ስብሰባ ነው። በከተማችን ማኅተም ያላረፈበት ነገር እውነት ስላልሆነ፣ የሲስተር ሳባ መዝገብ እንዲጸድቅ ለኮሚቴው ቀረበ። ኮሚቴውም መዝገቡን ሲገልጥ አንድ ሸማኔ 24፣ ሰብሳቢው ግን 19 እንደተጻፈላቸው ተመልክቶ ክፉኛ ደነገጠ። ያስተላለፋችሁትን ውሳኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ቃለ ጉባኤውን በኩራት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፋችሁት ከተማው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። «በመዝገቡ ላይ የሚታየው የቁጥር አሰጣጥ የታካሚዎችን ኃላፊነትና ማኅበራዊ ደረጃ ያላገናዘበ ሆኖ ስለተገኘ፣ እንዲስተካከል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። ጸሐፊው አቶ እንድሪያስም በቀይ እስክሪብቶ የአባቴን 24 ወደ እርስዎ፣ የእርስዎን 19 ወደ አባቴ አዛወሩት።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የማስተምራቸው የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። አርባ አራት ቁጥር ጫማ ከሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ጫማ የበለጠ የተከበረ አለመሆኑን፣ ጫማ የሚመረጠው በእግር ልክ መሆኑን አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ሁሉም ገብቷቸዋል። ሰባት አዋቂዎች ሻይና ብስኩት ቀርቦላቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ተወያይተው ያልደረሱበትን ነገር ልጆቹ በአምስት ደቂቃ መድረሳቸውን ሳስብ፣ ለኮሚቴው ሻይ መቅረቡ ጎድቶት ይሆን እላለሁ።

3. በአገራችን ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ሰው እንደ ታላቅነቱ ይቀመጣል፣ እንደ ታላቅነቱም ይናገራል፤ ከብት ሲታረድም ለታላቅ የሚሰጠው ሥጋ የታወቀ ነው። ኮሚቴው ይህን ባህል በሌንስ ላይ ሥራ ላይ ለማዋል መሞከሩ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን አባቴ እርስዎን በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጡዎታል። ሌንስ ሥጋ ቢሆን እንኳ ትልቁ ድርሻ የእርስዎ አልነበረም።

4. ሲስተር ሳባ ይህን ውሳኔ እንደሰማች ወደ ቢሮዎ ሄዳ፣ ቁጥሩ ማዕረግ ሳይሆን ልክ መሆኑን፣ የአንዱን ሌንስ ለሌላው ማድረግ ሁለቱንም መጉዳት መሆኑን ለምናም ተቆጥታም ነግራችኋለች። ኮሚቴውም አስተያየቷ «ለወደፊቱ በግብዓትነት እንዲያዝ» ወስኖ፣ እርሷን በማግሥቱ ለክትባት ሥራ ወደ ካምባ ላካት። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሲመጡ እርሷ አልነበረችም። በየቀኑ ሃያ ሰው ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞችም ካርዱን ሳይሆን ማኅተም ያለበትን መዝገብ አምነው የተጻፈውን ቁጥር አስገቡ። ባለሙያዋን ከሙያዋ ሥፍራ በትክክለኛው ሳምንት የማራቅ ችሎታችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

እንግዲህ ፋሻው ሲፈታ የሆነውን ልንገርዎ፤ ቅጹ ስለዚህ የሚጠይቅበት ቦታ የለውምና። አባቴ ከኦቾሎ ሸንተረር ላይ ሆነው የአባያን ሐይቅ አዩ። ጥርት ብሎ ባይሆንም ውኃው ከሰማዩ ተለይቶ ታያቸው፤ ለዚህም ከልብ አመሰገኑ። ከዚያ ሽመና ላይ ተቀመጡ። ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ድር ከዓይናቸው ሥር ነጭ ጭጋግ ሆኖ ቀረ። ክር ሲበጠስ ጫፉን በጣታቸው እየዳበሱ ይቀጥላሉ፤ ጥለት መሥራት ግን በመዳበስ አይሆንም። ለሠርግ የታዘዘ ባለጥለት የዱንጉዛ ልብስ ሲሠሩ ቀዩ ከቢጫው ገብቶ ስለተበላሸ፣ ባለቤቱ በትሕትና አጥፎ መለሰላቸው። እንዳይሰማቸው ብሎ ሠርጉ ተራዝሟል አላቸው። ሠርጉ በቀኑ ተደርጓል፤ አባቴም ተጠርተው ሄደው፣ ሙሽራው የሌላ ሸማኔ ሥራ ለብሶ ቆሞ ከሩቅ አይተውታል። በማግሥቱ መወርወሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ያን ቀን ተቆጣሁ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

በመጋቢት ወር ቢያንስ ለቅርብ የሚሆን መነጽር እንዲሰጣቸው አመልክቼ ነበር። «ሌንስ ለተደረገለት ግለሰብ መነጽር መስጠት ድርብ ተጠቃሚነት በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ በሁለት ወሩ ደረሰኝ። ከራሴ ደመወዝ እንዳላስለካላቸው ደግሞ የሚለካው መሣሪያም የሚለካው ሰውም በኮሚቴው ፈቃድ ካልሆነ አይነካም። ይህን መልስ አልቀደድኩትም፤ ስለ ዓረፍተ ነገር አገባብ ሳስተምር እጠቀምበታለሁ።

የእርስዎም ጤና ያሳስበናል። ሩቁን መርጠው ሳለ፣ አሁን ከክንድ በላይ የራቀ ነገር እንደማይታይዎት፣ ሰነድ ሲፈርሙ አፍንጫዎ ቀለም እንደሚነካ ከተማው ያውቃል። በመስቀል በዓል ለክብር እንግዶቹ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር ሲያደርጉ፣ እንግዶቹ ገና አለመድረሳቸውንና ፊት ለፊትዎ ያሉት ባዶ ወንበሮች መሆናቸውን ሊነግርዎት የደፈረ አልነበረም። እኛም አጨብጭበናል። ሆኖም «ፍጹም ረክቻለሁ» ከሚሉት ቅጾች ሁሉ ቀድሞ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የእርስዎ ነው። እንዲህ ባለ ጽናት መርካት ለሁሉም ሰው አልተሰጠም።

ስለዚህ ለኅዳሩ ሕክምና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲስተር ሳባ ከካምባ ተመልሳ የአባቴን ግራ ዓይን ትለካ፤ የጻፈችው ቁጥር ትንሽ ይሁን ትልቅ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት ለሐኪሙ ይድረስ። ኮሚቴው ትልልቅ ቁጥሮችን ከወደደ በበሩ ላይ፣ በመኪናው ላይ፣ በወንበሮቹ ጀርባ ላይ እንደ ፍላጎቱ ያስጽፍ፤ እኛ አንቃወምም። የአንድ ሸማኔ የመጨረሻ ዓይን ግን አጀንዳ ሆኖ እንዳይቀርብ፣ ከቀረበም ሳይጸድቅ እንዲያልፍ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በልክ ያልተሰፋ ክብር ለተጫነባቸው ሁሉ እግዚአብሔር ትከሻ እንዲሰጥ እየጸለይኩ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ስብሰባና አጭር ውሳኔ፣ ለእርስዎም የመረጡትን የሚያዩበት ቀን እየተመኘሁ፣ በቅጹ ሁለት መስመር የማይገለጸውን አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የታካሚው ልጅ፣
ወርቂቱ ኤርጫፎ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከእርስዎ የምስጋና ቅጽ ጎን
ለሲስተር ሳባ፣ ካምባ

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ያለፈው ቅዳሜ ሲቀላ አውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት በእግርዎ ሲያልፉ አባቴ ከመንገዱ ማዶ አይተውዎት ነበር። ተነሥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። እርስዎ ወደ እርሳቸው ዞረው ተመለከቱና መንገድዎን ቀጠሉ። ያላስተዋሉ መስሏቸው ጥቂት ተከትለው እንደገና እጅ ነሱ፤ አሁንም አለፉ። ዛሬ ደብዳቤውን ፈርሜ ስነሣ ግራ ዓይናቸውን እንደማያሠሩ ነገሩኝ። ያሳከማቸው ሰው እንደተቀየማቸው፣ የተቀየመን ሰው ውለታ ደግሞ ሁለተኛ መቀበል ነውር እንደሆነ ነው የሚያምኑት። እርስዎ ጨርሶ እንዳላዩዋቸው ሦስት ጊዜ አስረዳሁ፤ ዓይኑን ያሠራ ሰው አላየኝም ብዬ እንዴት ልመን ብለው እምቢ አሉ። ቃሌን አልተቀበሉም፤ የእርስዎን ግን ይቀበላሉ። እባክዎ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ «አልተቀየምኩዎትም፣ አልታዩኝም» የሚል አንድ መስመር በራስዎ እጅ ጽፈው ይላኩላቸው። ማኅተም አያስፈልገውም።