ቀይ ክር ለታሰረበት ኩባያ ባለቤቶች

ለተከበራችሁ የ«እኩል ገበታ» ማኅበር የቦርድ አባላት፣
ለክብርት ሥራ አስኪያጅ፣
ለክቡር የፕሮጀክት ኃላፊ፣
ባላችሁበት።

አድልዎንና መገለልን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት የምትደክሙ እናንተ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ጉሮሯችሁ ሳይደርቅና የሚጠጣ ሳይጎድልባችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድሜ ቀናቱን በቅደም ተከተላቸው አሰፍራለሁ።

መስከረም 14 ቀን ክብርት ሥራ አስኪያጅና ክቡር የፕሮጀክት ኃላፊ ቤታችን ድረስ መጥተው ታላቅ እህቴን ለሥራ ጠየቁ። ጥቅምት 3 ቀን እህቴ በማኅበራችሁ የስፌት ክፍል በአስተማሪነት ሥራ ጀመረች። ኅዳር 21 ቀን ለዘመቻችሁ ፎቶግራፍ ተነሣች። ጥር 9 ቀን ክቡር የፕሮጀክት ኃላፊ ከእርሷ ቀይ ክር ተቀበሉ። በማግሥቱ እህቴ ያንኑ ክር በሻይ ክፍላችሁ ውስጥ በኩባያዋ እጀታ ላይ ታስሮ አገኘችው። የካቲት 2 ቀን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አቀረበች። የካቲት 26 ቀን ክብርት ሥራ አስኪያጅ እንደገና ቤታችን መጡ። መጋቢት 11 ቀን ኩባያው እንዲመለስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰን።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የሚክድ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። መተዳደሪያዬ በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ማስተማር በመሆኑ ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትን ከገመትኩት ለይቼ ማስቀመጥ ልማዴ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውንም በዚሁ ጥንቃቄ ለማቅረብ እሞክራለሁ። የማቀርበው አቤቱታ አይደለም፤ ለእናንተ ዓይነት ሰዎች የሚገባው ምስጋና ስለሆነ በተራ ቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

1. እህቴን ከቤት ስላወጣችኋት አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ያለ አሽሙር ነው። በከንፈሯና በእጆቿ ላይ ለምጽ ከወጣ ጊዜ ጀምሮ የምትሰፋው በጓዳ ነበር፤ ደንበኛ ጨርቁን ለእናታችን ያስረክባል፣ የተሰፋውንም ከእናታችን ይረከባል፤ ማን ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እናንተ ጠየቃችሁ። በር ላይ ቆማችሁ «እንዲህ ያለ እጅ በጓዳ አይቀበርም» አላችሁ፣ እናታችንም ከደስታዋ የተነሣ የምታስቀምጣችሁ ቦታ ጠፍቷት ወንበሩን ሁሉ በእጇ ጠረገችው። ሥራ በጀመረችበት ዕለት እህቴ እጆቿን የምትሸፍንበትን ጓንት መሳቢያ ውስጥ ከትታ በባዶ እጇ ወጣች። በመስኮት ሆኜ መንገዱን እስክትሻገር ድረስ አይቻታለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁም ያን ስላየሁ ነው።

2. ስለ ፎቶግራፉ አመሰግናለሁ። ፎቶው ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እህቴ ከአንድ ነጭ ኩባያ ስትጎነጭ፣ በሌላው ክብርት ሥራ አስኪያጅ በዚያው ኩባያ ሲጎነጩ ይታያል፤ ከሥሩም «ከአንድ ኩባያ እንጠጣለን» የሚል ተጽፏል። የሚነካ ሥራ ነው። እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ ግን ኩባያዎቹ ሁለት መንታዎች ነበሩ፤ ፎቶ አንሺው የመጀመሪያውን ከእጇ ተቀብሎ ከመብራቱ ጀርባ አስቀመጠና ለክብርት ሥራ አስኪያጅ ሌላውን አቀበለ። ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ይህን ስትነግረኝ እየሣቀች ነበር። «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ትመረምራለህ፤ ለፎቶ እኮ ነው፣ ሙያቸው ነው» አለችኝ። ሰው ሲሥቅ ቁጥር ማረም ደግ አይደለም።

3. ስለ ክሩ አመሰግናለሁ። ክቡር የፕሮጀክት ኃላፊ በስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመው «እህት ዓለም፣ ቀይ ክር መቼም አይጠፋሽም፤ ለአንድ ትንሽ ምልክት ፈልጌ ነው» አሉ። እህቴ ባለሙያ ናትና «ጥቁሩ አይሻልዎትም? ቀዩ ከሩቅ ይታያል» ስትል መከረቻቸው። እርሳቸውም «እንዲታይ ነው የፈለግሁት» አሉ። ከጥቅሏ ቆርጣ፣ ቶሎ እንዳይበጠስ ደርባ ሰጠቻቸው፤ መርቀዋትም ሄዱ። በማግሥቱ ሻይ ልትቀዳ ስትገባ ደርባ የሰጠችው ክር በኩባያዋ እጀታ ላይ በሁለት ቋጠሮ ታስሮ፣ ኩባያውም ከሌሎቹ ተለይቶ በመደርደሪያው ጫፍ ላይ ለብቻው ተቀምጦ አየች። ክሩን ማን እንዳሰረው አላየሁም፤ ስለዚህ አልናገርም። የምናገረው ማን እንደተቀበለው ብቻ ነው። ብዙ ዓይነት መገለል በመጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የተገለለችው ሴት ራሷ የመለያውን ክር እንድታቀርብ፣ ያውም ጥራቱን እንድታረጋግጥ ያደረገ ተቋም ግን ከእናንተ በፊት አላጋጠመኝም።

4. ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ የሆነውን እህቴ ነግራኛለች፣ ሁለት ባልደረቦቿንም ለየብቻ ጠይቄ ቃላቸው አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እህቴ ኩባያውን ሻይ ሞልታ ከነክሩ ጠረጴዛው መካከል አኖረችና እንዲህ አለች፦ «ማን አሰረው አልልም። አንዳችሁ ብቻ ከዚህ ፉት በሉልኝና ነገሩ እዚህ ይለቅ፤ ሁለተኛ አላነሣውም።» ከይቅርታ የረከሰ ዕርቅ ጠየቀቻችሁ፤ አንድ ጉንጭ ሻይ። የሒሳብ ሹሙ ስኳር እንዳለባቸው ያን ዕለት አስታወሱ። የሥልጠና ባለሙያዋ ሻይ ከተዉ መቆየታቸውን ገለጹ፤ ከፊታቸው የነበረው ብርጭቆ ምን እንደያዘ የጠየቃቸው የለም። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው «እስቲ ኃላፊው ይጀምሩ» ቢል ክቡር ኃላፊው ስልክ ተደወለላቸውና ወጡ። ክብርት ሥራ አስኪያጅ ግን፣ መሪ ናቸውና፣ «ጉዳዩ ለግል ስሜት የሚተው አይደለም፤ በአሠራር መፈታት አለበት» በማለት ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም ከብዙ ውይይት በኋላ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ቀለም ያለው ኩባያ እንዲኖረውና ማንም የሌላውን እንዳይነካ ወሰነ። አንዲትን ሴት ለይቶ ማግለል ነውር ስለሆነ ሁሉም ከሁሉም እንዲገለል ተደረገ ማለት ነው። በእኩልነት ስም የተሠራ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የዚህን ያህል የተጣራ ግን አላየሁም።

እህቴ ከዚያ ስብሰባ ስትወጣ ኩባያውን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። ያለ ፈቃድ መውሰዷን አልክድም። ተመልሳም ወደ እናንተ አልሄደችም።

5. በመጨረሻም ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ። ክብርት ሥራ አስኪያጅ ቤታችን ሲመጡ እኔም ነበርኩ፤ ስለዚህ ይህኛው በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለ መቻቻል ሰፋ ያለ ንግግር አደረጉልን። እህቴ ተነሥታ ሻይ አፈላች፤ ክሩን ፈትታ በዚያው ኩባያ ቀዳችና በባዶ እጇ አቀረበችላቸው። ኩባያውን እንዳወቁት ከፊታቸው አይቻለሁ። «ውይ፣ አሁን ጠጥቼ መምጣቴ ነው» አሉ። ስለ ክሩ ምንም ያልነገርናት እናታችን «በሞቴ፣ አንዴ እንኳን ፉት ይበሉልኝ፤ የእርሷ እጅ ሻይ ይጣፍጣል» ብላ ለመነቻቸው። እርሳቸውም ኩባያውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳቸው እያወሩ እስኪቀዘቅዝ አቆዩት፤ እጃቸውን ለማሞቅ ረድቷቸው ከሆነ ቤተሰባችን ደስ ይለዋል። ሲወጡ የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት። እናታችን «ምነው፣ ስኳሩ አነሰ ይሆን?» አለች። እህቴ ሻዩን ደፍታ ኩባያውን አጠበች፣ እጇን አደራረቀች፣ ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ጓንቷን አጠለቀች።

ብዙ ወዳጆቼ ተቆጥቼ እንደምጽፍ ገምተዋል። ጠንቃቃ ሰው ነኝና ቃሉን ላርም፤ ስሜቴ መጸየፍ ነው። እናንተ የእህቴን ከንፈር ተጸየፋችሁ፣ እኔ ደግሞ የእናንተን ፈገግታ ተጸየፍኩ። በመካከላችን ያለው ልዩነት ለምጽ በመጠጫ እንደማይተላለፍ ራሳችሁ ባሳተማችሁት ብሮሹር ሦስተኛ ገጽ ላይ መጻፉ ነው፤ የእኔን መጸየፍ መሠረተ ቢስ የሚያደርግ ጽሑፍ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። የማያውቅ ሰው ሲሸሽ ባለማወቁ ይታዘንለታል። ለሌላው አስተምራችሁ፣ በማስተማራችሁ ተሸልማችሁ፣ ተመልሳችሁ ሻይ ክፍል ገብታችሁ ክር ለምታስሩ ለእናንተ ምን ተብሎ እንደሚታዘን ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ያ ፎቶግራፍ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ግድግዳ አክሎ ተሰቅሏል። እህቴ የምትሰፋው ለብርሃኑ ስትል በጓዳው መስኮት አጠገብ ነበር፤ አሁን መጋረጃው ቀን ከሌት ተዘግቶ በአምፖል ትሰፋለች። ዓይኗ መድከሙን ክር በመርፌ ስታስገባ አያለሁ። ደንበኞችም እንደ ድሮው ጨርቃቸውን ለእናታችን ያስረክባሉ። እንደገና በዚያ በር ትወጣ እንደሆነ፣ ብትወጣስ ማንን አምና እንደምትወጣ፣ እንደ ሙያዬ ልገምት ሞክሬ አልቻልኩም። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው፤ ፎቶው ይውረድ፣ ወይም እውነት ይሁን።

የጀመራችሁት የመደመጥና የመከበር ትግል ለሌሎች ሰዎች ሁሉ እንዲደርስ፣ ከተረፈም ለሻይ ክፍላችሁ እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮትና ከሚገባው ርቀት ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የስፌት አስተማሪያችሁ የነበረችው ሴት ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ በመጋቢት 11 ቀን ደብዳቤያችሁ ኩባያው የማኅበሩ ንብረት ስለሆነ እንዲመለስ ጠይቃችኋል፤ ትክክል ናችሁ፤ ታጥቦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ክሩ ግን ከእህቴ ጥቅል የተቆረጠ ስለሆነ አስቀርተነዋል። ለንብረት ክፍላችሁ የኩባያውን ይዞታ መግለጽ ካስፈለገ፣ አልተሰበረም፣ አልተጫረም፣ ከእህቴ በቀር አፉን ያስነካበት ሰው የለም። በስብሰባችሁ ላይ ተሞልቶ ቀረበላችሁ፤ አልጠጣችሁም። ቤታችን ድረስ መጥታችሁ ተሞልቶ ቀረበላችሁ፤ አልጠጣችሁም።