ለአባዬ እግር የላክሁት ማግኒዥየም

ጥቅምት 4፣ ጎንደር፣ ጠዋት

መደርደሪያ እያጸዳሁ ነው። መድኃኒት ቤቱ ገና ሰው አልገባበትም። ከቁስቋም በእግሬ ስለመጣሁ ላቤ አልደረቀም። በፋርማሲ ተመርቄ ቋሚ ሥራ እስካገኝ እዚህ ነኝ። ይሁን።

ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ! ለአባዬ ማግኒዥየም ላክሁለት። አንድ ብልቃጥ። የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ረዳት የማን ልጅ እንደሆንሁ ሲሰማ ተቀብሎ ጋቢና አስቀመጠው። የአባዬን፣ የአያ ሙላትን ስም የማያውቅ ሹፌር እዚያ መንገድ ላይ የለም።

ሰሞኑን የማነበው ሁሉ ይኸው ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ያጥረዋል። የደም ሥር ያላላል ይላሉ። አባዬም ስኳር አለበት፤ እግሩ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ከረመ።

አይሱዙ በሚነዳበት ዘመን ሊማሊሞን ስንወርድ በየመታጠፊያው ክላክሱን እንድጫን ይፈቅድልኝ ነበር። ጋቢናው ነዳጅና ብርቱካን ይሸታል። ዛሬም ነዳጅ ሲሸተኝ ስምንት ዓመቴ ነው።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት

አባዬ ደወለ። እግሩ ሞቀ! "ሸጋ መድኃኒት ነው ልጄ፣ የቀኙማ ትኩስ ሆኗል" አለኝ። ደንበኛ ፊት ጮህሁ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በዓይኗ ገሠጸችኝ። ምን ገዶኝ! ሐሳቤ ሮጧል፦ ለአገሬ ለወገራ ሕመምተኞች ሁሉ፣ ጥናት፣ ማስተርስ...

ጥቅምት 13

ስኳር ክሊኒክ፣ ተማሪ ሳለሁ ካስተማረችኝ ዶ/ር ዘንድ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ፊቷ ልመካ ነው የሄድሁት። ማግኒዥየሙን አልናቀችም። ተስፋ አለው፣ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም፣ ለሁሉም አይሰጥም አለች። ከዚያ ጥያቄ። ኩላሊቱ ተመርምሯል? ከደከመ ማግኒዥየሙ ደም ውስጥ ይከማቻል። የቀድሞ መድኃኒቱን እየዋጠ ነው? እግሩን ማን አየው?

አንዱንም አላጣራሁም። ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ ተይዤ አላውቅም።

አንድ እግር ብቻ ሲሞቅ አልወድም አለች። ቦርሳዬን ይዤ ተነሣሁ።

ነገ ወደ አባዬ እወጣለሁ። መንገዱ ክፍት ነው አሉ።

ጥቅምት 14፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ አመሻሽ

ብርዱ ያው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ከት/ቤት ስመለስ በዚህ ማሳ ዳር ነበር የምሮጠው፣ የአባዬን መኪና ድምፅ ከሩቅ ለይቼ።

ስደርስ አባዬ ደጅ ላይ ከጎረቤቱ ከአያ ወርቁ ጋር ፀሐይ ይሞቃል። አያ ወርቁ ገና ሲያየኝ፣ "መጣች ዶክተራችን! መድኃኒትሽ እኮ ጉልበቴን ፈታው!" የአያ ወርቁ ጉልበት ምን አገባው? ለካ አባዬ ለጽዋ ማኅበርተኞቹ አድሏል። ስኳር ላለበትም፣ ለሌለበትም። ምነው አባዬ ብለው፣ "ብቻዬን ልዋጥ? ነውር አይደለም?"

ሳቄ መጣ። የቀድሞ መድኃኒቱን ስጠይቀው ግን ደረቀ። ትቶታል። ሁለት መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይጣላል ብሎ። "የልጄ መድኃኒት እያለ የሰው ምን ያደርግልኛል?"

የቀኝ እግሩን ካልሲ አወለቅሁ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ዙሪያዋ አብጦ ይተኩሳል። እሱን አያመውም፤ እግሩ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ሙቀቱ የቁስሉ ነው። የእኔ መድኃኒት አይደለም።

እግሩ ጀርባ ላይ ጣቴን አሳርፌ ትርታ ፈለግሁ። ፈለግሁ። ልጅ ሳለሁ እሾህ ሲወጋኝ እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በመርፌ የሚያወጣልኝ እሱ ነበር። ቀጭን ትርታ አገኘሁ መሰለኝ። ወይም የራሴ ጣት ነው።

አቁሙት ስላቸው አያ ወርቁ የተረፉትን እንክብሎች ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ መለሰልኝ። ቅር ብሎታል። ነገ በመጀመሪያው መኪና አባዬን ይዤው እወርዳለሁ።

ጥቅምት 16፣ ጎንደር፣ ሆስፒታል ኮሪደር

የደም ውጤት መጣ። ኩላሊቱ ደክሟል። ማግኒዥየሙ ቆመ። ለቁስሉ መርፌ ጀምረውለታል። ደም እስከ እግሩ ይደርሳል፣ ቀጭን ቢሆንም። ትንሿ ጣት ከተቆረጠች እግሩ ይተርፍ ይሆናል፤ ከዘገየ ግን ቃል አንገባም ይላሉ ሐኪሞቹ።

አባዬ እምቢ። አንድ ሹፌር ጓደኛውን ከጣት ጀምረው ጉልበቱ ድረስ ቆረጡት። አክስቶቼ ቢለምኑት፣ እምቢ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ የላክሽውን ሳልጠይቅ ዋጥሁ። አሁንም አንቺ በይ።"

ይኼ ቃል ወጋኝ። እንዲሁ እንዲያምነኝ አልፈለግሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ነገርሁት፦ ኩላሊቱን ሳላስመረምር መላኬን፣ ጣቷ ከቆየች የሚመጣውን፣ ከሄደችም በኋላ እርግጠኛ ነገር አለመኖሩን። ጣራውን እያየ ሰማኝ። ከዚያ መጀመሪያ ጎንደር ያመጣኝ ቀን ትዝ አለው። ፒያሳ ላይ ፓስታ በእጄ ልበላ ብዬ ሰው ሁሉ ስቆብን። እሱም አብሮኝ በእጁ በላ። ሳቅን፣ እዚያ አልጋ ላይ።

እና አሁንስ? አለኝ።

ትቆረጥ አልሁ።

"እንግዲያ ዘጠኙን ጠብቂልኝ" ብሎ ፈረመ።

ነርሶቹ አልጋውን መግፋት ጀመሩ። እስከ በሩ እጁን ልያዝ፣ ማስታወሻዬ፤ የቀረውን ከዚያ እጽፋለሁ።