ከሙሽሮቹ መሐል ለቆሙት ሊቀመንበር

ጎንደር፣ ሚያዝያ 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጌታው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የስብሰባዎቻችን ከፋችና ዘጊ፣ በዚህ ፎቶ ቤት ታሪክ ሳይጠሩ መጥተው ብዙ ጊዜ በመነሳት ተወዳዳሪ ላልተገኘልዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ይህ ያለ ጊዜው የመጣ የሚያዝያ ዝናብ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ እንቅልፍዎን ሐሳብ እንዳይሰርቅብዎ፣ ባለፈው እሑድ ያን ያህል ሰዓት ቆመው ሲናገሩ የደከመው ጉሮሮዎም ቶሎ እንዲያገግም ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ለጊዜው ደህና ነኝ። ለጊዜው ማለቴ ይህ ደብዳቤ ከተነበበ በኋላ ስለ እኔ ደህንነት እርስዎ ከእኔ የተሻለ ስለሚያውቁ ነው።

ጽሑፌን በፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ ለጥፌ አላፊ አግዳሚውን ማስነበቤ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በእሑዱ ስብሰባ መክፈቻ ላይ ሂስ ያለው ሰው በጓዳ ከሚያንሾካሹክ ጽፎ አደባባይ እንዲለጥፈው ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ፣ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። የቀበሌውን ሰሌዳ በእኔ ተራ ጉዳይ እንዳላጣብበው ብዬ ነው የራሴን መስታወት የተጠቀምኩት።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። የአስማረ ዳኜንና የባለቤቱን የአመለወርቅን የሠርግ ፎቶዎች ከነኔጌቲቫቸው እስከ ሐሙስ አምጥቼ እንዳስረክብ፣ እርስዎም በእሳት እንደሚያስወግዷቸው ሰው ልከው አስታውቀውኛል። በእናቱ በእመት ስንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንማ የሰው እግር ሳያስቸግሩ ራስዎ ሄደው አውርደው ወስደዋል። አስማረ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ካልሆነ በየትም የለም። የመታወቂያውን ፎቶ ይዞት ዘምቷል፤ በልጅነቱ ፎቶ ያነሳው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ዛሬ ነገ የምትወልድ እርጉዝ ነች፤ የሚወለደው ልጅ የአባቱን መልክ የሚያየው ከዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የቤተ መንግሥቱን ግቢ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ጎንደር ላይ በሐምሌ ሠርግ የሚደግስ ጤነኛ ሰው እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። እነ አስማረ ግን ጥርን ሊጠብቁ አልቻሉም፤ የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ ከጥር ቀድሞ ደርሷል። የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ፣ በሁለቱ ጾሞች መሐል በተገኘችው ቀዳዳ፣ ከላይ በሚያፈስ ከታች በሚያጨቀይ ድንኳን ውስጥ ተዳሩ። የሙሽራው ሟች አባት ዳኜ የፋሲል ግንብ ሲጠገን ድንጋይ ጠርቦ ኖራ አቡክቶ የሠራ ሰው ነበር። ልጁ ከሠርጉ ሁሉ የተመኘው አንድ ነገር፣ አባቱ በጠገነው ግንብ ሥር ከሚስቱ ጋር ቆሞ ፎቶ መነሳት ነው። እርስዎም ቸርነትዎ በዝቶ ፈቀዱ፤ ለፈቃድዎ የነበረችው ቅድመ ሁኔታ የሕዝብ ተወካይ በሌለበት አንድም ፎቶ እንዳይነሳ የምትል ብቻ ነበረች። የሕዝብ ተወካዩ ማን እንደሆነ ስንጨነቅ እርስዎ ራስዎ መጥተው ከጭንቀት ገላገሉን።

ሁለተኛ። በዚያን ቀን ስለጠበቅንዎ ሰዓት ቅር አልተሰኘሁም። በሐምሌ በአንዱ ዝናብና በሌላው መካከል ፀሐይ ጥቂት ብቅ ትላለች፤ የራሰው ግንብ ያኔ ማር ይመስላል። ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲመኘው የሚከርም ብርሃን ነው። እርስዎ ካኪዎን ሊቀይሩ ወደ ቤት በሄዱበት ጊዜ ያ ብርሃን መጣ፣ ትንሽ ቆየልዎ፣ ቢቸግረው ሄደ። ዘበኛው እርስዎ ሳይመጡ ቁልፍ አላዞርም አለ፤ አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት። ሙሽራይቱ የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ፣ ሚዜዎቹ በአንድ ጃንጥላ ተጋፍተው በሩ ላይ ቆመን ቀረን። በመጨረሻ በተተኮሰ ካኪ ብቅ አሉ፤ ዝናቡም ተከትሎዎት መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እጅግ አደንቃለሁ። ሙሽራውን በግራዎ፣ ሙሽራይቱን በቀኝዎ አቁመው እርስዎ መሐል ገቡ። አንደኛው ሚዜ ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ፊትዎን አየና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። በዚያ ክረምት ፊልም ከከተማው ጠፍቶ እጄ ላይ የነበረው አንድ ጥቅል ስለሆነ ለመድገም የሚሆን ትርፍ አልነበረኝም። በደረጃው ላይ መሐል ቆሙ፤ በግንቡ ሥር መሐል ቆሙ፤ አስማረ ቀለበቷን ሲያጠልቅላት እንኳ አገጭዎ በጣቶቻቸው ላይ ገብቶ ይታያል። አንዷን ለብቻቸው ላንሳቸው ብዬ በትሕትና ብለምንዎ ከሕዝብ የተነጠለ ደስታ የቡርዧ ደስታ እንደሆነ አስተማሩኝ። ፎቶው ታጥቦ ለእናቱ ሳሳያቸው እኔ ተሸማቅቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ልጃቸውን በጣታቸው እየነኩ ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው ከማለት በቀር አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም።

ሦስተኛ። አንዱን ፎቶ አሳድጌ እዚሁ መስታወት ውስጥ እንድሰቅል ማዘዝዎ ለሥራዬ የተሰጠ ክብር ነበር። ከሥሩም በቀይ ቀለም «እናት አገር ስትጠራው ከጫጉላ የተነሳ ሙሽራ፣ ከሸኙት ሊቀመንበር ጋር» አስባሉኝ። ከጫጉላ የተነሳ የሚለው እውነት ነው፤ ከሠርጉ በሳምንቱ ወስደውታል። የባልቴት አንድያ ልጅ እንደሆነ እናቱ ደጅዎ ቆመው ሲያስረዱ የቀበሌው ኮታ መሙላት እንዳለበት በትዕግሥት ነግረዋቸዋል። የወንድምዎ ልጅ በዚያው ሳምንት ለካድሬነት ትምህርት መመረጡን የማነሳው እንዲያው በአጋጣሚ ነው፤ እግዚአብሔር ያሳድገው፣ ይቅርታ፣ አብዮቱ ያሳድገው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ባለፉ ቁጥር መስታወቱ ፊት ቆም ብለው ኮሌታዎን ሲያስተካክሉ ከውስጥ ሆኜ አይዎት ነበር። እመት ስንዱም ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን አውርደው ይቆሙ ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለታችሁም እኩል ትደርሳላችሁ፤ ያኔ እሳቸው ለእርስዎ ቦታ ለቀው ወደ ኋላ ይላሉ።

አራተኛውን ለመጻፍ ብዕሬ ከብዶኛል። በየካቲት የአስማረ ጦር በትግራይ በኩል ክፉ ነገር እንደገጠመው ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤም መልእክትም ቀረ። እናቱ ተስካር ላውጣ ወይስ ልጠብቅ እያሉ ከቄስ ቄስ ሲዞሩ ከረሙ። ባለፈው እሑድ እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው የወንበዴዎቹ ሬዲዮ የምርኮኞችን ስም ሲጠራ አስማረ ዳኜ ከጎንደር ብሎ መጥራቱን፣ በመሆኑም ይህ ሰው ከእንግዲህ ከዳተኛ መሆኑን አረዱን። እንዳይደመጥ የተከለከለውን ሬዲዮ ማን እንዳዳመጠልዎ አልጠይቅም፤ ሊቀመንበርነት ብዙ ድካም አለበት።

እርስዎ እንድናወግዘው ጠበቁ። ያኔ ከኋላ ወንበር እመት ስንዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና እልል አሉ። ያን እልልታ እስክሞት አልረሳውም። እርስዎ የሞት ያህል ያወጁትን እሳቸው ልጄ በሕይወት አለ ብለው ሰሙት። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ አብሬ እልል ልበል ወይስ ልጥፋ ብዬ እኔም ግራ ገባኝ። ስብሰባው እንደተበተነ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲሄድ በዚህ መስታወት ፊት አንድ ባንድ ቆመ። ከዳተኛውን አየ፤ ከዳተኛውን አቅፈው ፈገግ ያሉትን እርስዎንም አየ። እርስዎም ከሩቅ ቆመው ሰዉ ሲያይ አዩ።

በማግስቱ ማልደው እመት ስንዱ ቤት ሄዱ። ጎረቤት እንደነገረኝ እንደ ጨዋ ሰው ጫማዎን ደጅ ጠርገው ገብተዋል። ፎቶውን ከግድግዳው ሲያወርዱ እመት ስንዱ እጅዎን አልያዙም፣ አላለቀሱም፤ እንዲህ ብቻ አሉ፦

«ልጄንስ ሰጠኋችሁ። ምነው፣ ፎቶውም ይዘምታል?»

ይህን ጥያቄ መመለስ ለእኔ ስለከበደኝ ወደሚመለከተው አካል፣ ማለትም ወደ እርስዎ፣ መርቼዋለሁ።

ስድስተኛ፣ ወይም አምስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ይቅርታዎን። የሐሙሱን ትእዛዝዎን ደጋግሜ አሰብኩበት። እርስዎን የሚያስጨንቅዎ የተከበረው ምስልዎ ከከዳተኛ ምስል ጋር በአንድ ወረቀት ላይ መገኘቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ይህም ፍጹም ተገቢ ጭንቀት ነው። ስለዚህ ትእዛዝዎን ከሐሙስ በፊት ፈጽሜዋለሁ። ጨለማ ክፍሌ ገብቼ ከኔጌቲቮቹ ሁሉ አዲስ ፎቶ አተምኩ፤ ከዚያም የባለቤቴን የልብስ መቀስ ይዤ እርስዎን ከየፎቶው መሐል አወጣሁ። የቀሩትን ቀኝና ግራ አጋጠምኩና መልሼ አነሳኋቸው። ግንቡ በመጋጠሚያው ላይ ትንሽ የተሰነጠቀ ይመስላል እንጂ ሥራው አይከፋም። አስማረና አመለወርቅ ጎን ለጎን ቆሙ። ተጋብተው እንዲያ ሲቆሙ ያየኋቸው ገና ትናንት ነው፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅዎ።

ፎቶዎቹን ለባለቤቶቻቸው ሰጥቻለሁ። የት እንዳኖሯቸው አልጠየቅሁም፤ እርስዎ ሲጠይቁኝ አላውቅም ብዬ እውነት መናገር ስለምፈልግ ነው። ኔጌቲቮቹም ከከተማው ወጥተዋል። ከየፎቶው የወጡት እርስዎ ግን አልጠፉም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጎን በተራ ተለጥፈው ይገኛሉ። በደረጃው ላይ ብቻዎን፣ በግንቡ ሥር ብቻዎን፣ በቀለበቱ ሰዓት አገጭዎ ብቻውን። ካኪው ግሩም ወጥቷል።

ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን ለአንድ አፍታ ከልቤ ላናግርዎ። እፈራለሁ። ይህን ስጽፍ መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ባለቤቴን እንፍራንዝ እናቷ ዘንድ ልኬያታለሁ፤ ለምን እንደላክኋት አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም፤ ስትሄድ ግን ወፍራሙን ሹራቤን አውጥታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣልኛለች፣ የእስር ቤት ብርድ ምን እንደሆነ ከወንድሟ ታውቃለችና። እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። የእመት ስንዱን ፎቶ ግን ካላቃጠሉት ይመልሱላቸው። እርስዎ መሐል ቆመውበትም ቢሆን ይቀበሉታል። ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጥቶ ቀርቷል፤ አሮጊቷ ያንን ቦታ ሲያዩ ይውላሉ።

ለፈቃድዎ፣ ለሸኚነትዎ፣ በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሠርጎች ሁሉ ሙሽራው ሦስተኛ ሰው የሆነበትን ብቸኛ ሠርግ እንዳነሳ ስላበቁኝ፣ ሂስ በአደባባይ ይለጠፍ ብለው ለሰጡኝ ነፃነትም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሐሙስን ሳይጠብቁ ቢመጡም ፎቶ ቤቱ ክፍት ነው፤ በሩ ስለማይቆለፍ መስበር አያስፈልግም።

እርስዎን ብቻዎን ለማንሳት ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነው፣
ታዛዥዎ፣ ጎረቤትዎ፣ የስብሰባዎ አጨብጫቢ
ቢሻው ወልደኢየሱስ፣ ፎቶ አንሺ

ማሳሰቢያ፦ ትእዛዝዎን ሙሉ በሙሉ ፈጽሜአለሁ ብል እዋሻለሁ። ከሁሉ አምሮ በወጣው ፎቶ ላይ ግራ እጅዎ የአስማረን ትከሻ ጨብጦ ይዟል። በመቀሱ ላወጣው ብሞክር ትከሻው አብሮ የሚሄድ ሆነ፤ ስለዚህ ተውኩት። ክንድና አካል የሌለው የአንድ ሰው እጅ እዚያው እንደያዘው ቀርቷል። የሚወለደው ልጅ አድጎ አባቱን የያዘው ይህ እጅ የማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርምና አመለወርቅን ምን ትመልሺለታለሽ አልኳት። ፎቶውን ከእጄ ተቀብላ አየችው።

«ስሙን እነግረዋለሁ» አለችኝ።