በአባት ትከሻ ያላረፈ ጋቢ

ይድረስ በለቀምት ላሉት ለውድ አባቴ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ተወዎት ወይስ ጠናብዎት? እናቴስ እንደምን ናቸው? ዓይናቸው ደኅና ያይላቸዋል? ከብቱስ፣ ማሳውስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሥጋዬ ደኅና ነኝ። ናፍቆቱ ግን አልቻልኩትም፤ እሱንም ደኅና ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ያው ነጋዴው ወዬሳ ነው። የሚጽፍልኝ ደግሞ፣ አይቆጡኝና፣ ማሲንቆ መቺው ኃይለ መስቀል ነው። ድሮ ለድቁና ተምሮ ነበርና እጁ ያምራል። አዝማሪ የጻፈውን አልሰማም ይሉኛል ብዬ ልደብቅዎ አስቤ ነበር፤ ግን መደበቅ ሰለቸኝ።

ባሌ ሰብስቤ እንደወጣ ቀርቷል። ያ ክፉ የካቲት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ሲሞት ያየ የለም፣ በሕይወት አለ የሚልም የለም። ደብዳቤ እጅ ይበዛበታልና ከዚህ በላይ አልልም። ተዝካር እንዳላወጣለት ሬሳውን አላየሁ፣ እንዳልጠብቀው ተስፋው አለቀብኝ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ቀን ቀን እንዝርቴን ይዤ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲለኝ ድምፄ አልወጣ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። ሰው ሳይናገር ብዙ ከከረመ ጉሮሮም ይዝጋል መሰለኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ከበሮ ሠሪው ሽማግሌ አቶ ደሜ ደጄ የመጡት። ጥጥ ስፈትል ቆመው አዩኝና፣ ጥጥ እንዲህ የሚያከርር እጅ አንጀትም ያከርራል አሉኝ። እዚህ ኮልፌ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ የሚመቱ ስድስት ሰዎች አሉ። ሰፈሩ ቃሉን ከጣሊያኖቹ ሰምቶ ኦርኬስትራ ይላቸዋል። ለሠርግና ለክርስትና ይጠራሉ። ሰው የሚያየው ስድስቱን ነው፤ ከኋላቸው ግን እኛ አለን። አቶ ደሜ ከበሮውን ይወጥራሉ፣ አንዱ ለማሲንቆው የፈረስ ጭራ ፍለጋ ይዞራል፣ እኔ የክራር ጅማት እሠራለሁ። የበግ አንጀት አጥቤ፣ ፍቄ፣ አክርሬ፣ በሁለት ችካል መሃል ወጥሬ አደርቀዋለሁ። አንጀቱን የምትሰጠኝ ጎረቤቴ ራህማ ናት፤ ባሏ ሥጋ ሻጭ ነው። እስላም ያረደውን በላች እንዳይሉኝ ደግሞ፤ ክራሩ ይብላው እንጂ እኔ አልቀመስኩም! ማናችንም ለድካማችን ምንም አንቀበልም። ሠርግ ሲሆን ከዳሱ ኋላ ቆሜ፣ ጅማት ቢበጠስ ልቀይር እጠብቃለሁ። ሙሽሮቹን አይቼ አላውቅም። ግን ሰው ሲስቅ እሰማለሁ፣ ሲያጨበጭብ እሰማለሁ፣ እጄ የሠራው ሲጮህ እሰማለሁ። ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነበር።

አምና ወዬሳ ቃልዎን ይዞልኝ መጣ። አንጀት የምታሽ፣ አዝማሪ የምትከተል ፋቂ አልወለድኩም፣ ስሜን እንዳትጠራ ብለዋል። ቃልዎን አክብሬ ነበር። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ዝም እል ነበር። ሰው ደግሞ አባቷን የማትናገር ሴት ሲያይ ያልሆነ ነገር ያስባል። ሐሜቱ ሲበረታ አቶ ደሜ አዘኑልኝና በእኔ ስም ተጠሪ ብለው አዋሱኝ። ከዚያ ወዲህ ኮልፌ የሚያውቀኝ ድንቅነሽ ደሜ ብሎ ነው። ጥፋቴ ይህ ነው አባቴ። እርስዎ ያሉኝ ስሜን አትጥሪ ነው እንጂ ሌላ አባት አብጂ አይደለም።

አሁን በዳግማይ ትንሣኤ ያ ነገር ፊቴ መጣ። ሙዚቀኞቹ ተማክረው ከኋላ የምንለፋውን ሊያከብሩን ቆረጡ። በአቶ ደሜ ግቢ ዳስ ጥለው እኛን በእነሱ በርጩማ ላይ አስቀመጡን፤ እነሱ ቆመው አስተናገዱን። ለእያንዳንዳችን ጋቢ አሠርተዋል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የደነገጉት ወግ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ተሸላሚው ከነአባቱ ስም ይጠራል፣ ጋቢው መጀመሪያ በአባት ትከሻ ላይ ያርፋል፣ አባት መርቆ ለልጁ ያለብሳል። የጭራ ፈላጊው አባት በምርኩዝ ከአዲስ ዓለም ድረስ መጥተው ነበር። መርቀው ሲያለብሱት እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ድንቅነሽ ደሜ ተብሎ ተጠራ። አቶ ደሜ ተነሡ፣ ጋቢው ትከሻቸው ላይ አረፈ። ሰው እልል አለ። እኔ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ ከደስታዋ ነው አሉ። አባቴ፣ ያን ያህል ሰው ከብቦኝ ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሰብስቤ በቀረበት ቀን እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። አቶ ደሜ ሊያለብሱኝ ጎንበስ ሲሉ ፊቴን አዩና ጋቢውን መልሰው አጥፈው እቅፌ ላይ አስቀመጡት። “እኔ የውሰት ነኝ። አባትሽ በሕይወት አሉ፤ ላኪላቸው” አሉኝ በጆሮዬ።

ስለዚህ ልኬልዎታለሁ። ወዬሳ በአቡጀዲ ጠቅልሎ የያዘው እሱ ነው፤ እኔ አንድም ቀን አልለበስኩትም። ሥራዬን እንዲወዱልኝ አልለምንዎትም። አንጀት ማሸቱንም አልተውም፤ ብተወው ከሰው የሚያገናኘኝ ምንም አይቀረኝም። የምለምንዎት አንድ እሑድ ለብሰውት ቤተ ክርስቲያን እንዲስሙና መርቀው እንዲመልሱልኝ ነው። ልብዎ እምቢ ካለ ግን ደጀ ሰላም ለተቀመጠ ነዳይ ይስጡት፤ አልቀየምም። ወዬሳን ምንም እንዳትነግረኝ ብዬዋለሁ። ሲመለስ እጁን አያለሁ፣ ይበቃኛል።

እናቴን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ሻሽም በወዬሳ እጅ ልኬላቸዋለሁ። ወንድሜን ባጫን፣ የበሬው ጠብ እንዴት ሆነልህ ብላለች በሉት። ለእህቴ ለዋጋነሽ ከነልጇ ሰላምታዬ ይድረስ፤ የልጇን ስም እንኳ አልሰማሁምና ትላክልኝ። ለአክስቴ ለጉዲቱ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ በያሉበት ሰላም በሉልኝ።

ኃይለ መስቀል እዚህ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ ድንቅነሽ ማን ብዬ ልዝጋው አለኝ። ድንቅነሽ ብቻ በል፣ የቀረውን ወዬሳ ያመጣዋል አልኩት።

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ድንቅነሽ